ዘፈኑ ሳያልቅ፦ ሙዚቃና አሁን ላይ መኖር
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው “ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገሪ፤ ግን አደራ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንዳይሆን፣ ሰዉ ምሳ ሊበላ ነው” አሉኝ። ደም ግፊትና ስኳር ከወሰዱብኝ ደግሞ ለአንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ምን ይተርፋታል? ስለዚህ ስለ ሙዚቃ ልናገር ነው። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ክራር ቢሰጡኝ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅም። ድምፄን ደግሞ አንድ ዶርም ያደራችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፤ ምስክርነታችሁን ለሻይ ሰዓት አቆዩልኝ። የምናገረው እንደ አድማጭና እንደ ሐኪም ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ሙዚቃ ያለንበትን ሰዓት እንድንኖረው እንዴት ይረዳናል?

እስቲ ከራሳችን እንጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ሰዎች ሁላችንም እዚህ አይደለንም። አንዱ ትናንት ማታ ለተረኛው ያስረከበውን በሽተኛ ያስባል። አንዷ የነገ በረራዋን ታሰላለች። ጠረጴዛ ሥር ስልኩን የያዘውን ወንድሜን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ይህ የእኛ ብቻ አመል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2250 ጎልማሶችን ባልታሰበ ሰዓት በስልካቸው እየጠየቁ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህ ከምትሠራው ነገር ላይ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ስሜትህስ እንዴት ነው? ከመልሶቹ ወደ 47 ከመቶ በሚሆኑት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ የሸፈተ ሰው በያዘው ነገር ላይ ካለው ያነሰ ደስታ ይሰማው ነበር። ደስ የሚል ነገር እያሰቡ የሸፈቱት እንኳ፣ ልባቸው በያዙት ሥራ ላይ ከነበረው ሰዎች የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም። ግማሽ ያህል ዕድሜ ማለት እኮ ነው!

በእኛ ሙያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትምህርታችን ራሱ ከአሁን ያወጣናል። በሽተኛው ፊት ስንቀመጥ መጀመሪያ ታሪክ እንወስዳለን፤ ያ ያለፈው ነው። ቀጥለን ምን ሊመጣ ይችላል እንላለን፤ ያ የሚመጣው ነው። ንቁ መሆን፣ ክፉውን ቀድሞ ማየት ሥራችን ነው፤ መጥፎ ነው አልልም፤ ሰው የሚያድነው እሱ ነው። ችግሩ ካፖርታችንን ስናወልቅ አብሮ አለመውለቁ ነው። ልጃችን ስታወራን “ቀጥሎስ?” እያልን እንሰማታለን። ምሳ ስንበላ ስለ እራት እናስባለን። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲኬድ ሰው ይደክማል፤ አንዳንዱም ከሙያው ይወጣል። እዚህ የሌሉ ጓደኞቻችን ውስጥ በሞት የተለዩን አሉ፤ በሕይወት ኖረው ግን ደክሟቸው ነጭ ካፖርቱን የሰቀሉም አሉ። ስለዚህ የምናገረው ነገር ለመዝናኛ ያህል አይደለም።

ታዲያ ከነገር ሁሉ መርጬ ሙዚቃን ለምን አነሳሁ? ሙዚቃ የተሠራው ከጊዜ ስለሆነ ነው። ሥዕልን ቆማችሁ ታዩታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ፤ እዚያው ይጠብቃችኋል። ዘፈን ግን አይጠብቅም። ቸኩላችሁ ብታፈጥኑት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ብታቆሙትም ድምፅ ይሆናል እንጂ ዜማ አይሆንም። ዘፈንን ለማግኘት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ በሚሄድበት ፍጥነት፣ እሱ በሚያልቅበት ሰዓት አብሮት መሄድ።

የዛሬ 1600 ዓመት ግድም በሰሜን አፍሪካ የነበረው አውግስጢኖስ “ኑዛዜ” በተባለው መጽሐፉ አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ጊዜ ሲጨነቅ፣ ምሳሌ ያደረገው በቃል የሚታወቅን መዝሙር መዘመርን ነው። አንድ መዝሙር ስንጀምር ሁሉም ከፊታችን ነው፤ እንጠብቀዋለን። እየዘመርን ስንሄድ የሚጠበቀው እያነሰ፣ የሚታወሰው እየጨመረ ይሄዳል፤ ትኩረታችን ግን ሁለቱ በሚገናኙበት በር ላይ ቆሟል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት “አሁን” ማለት እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነች ነጥብ አለመሆኗን ነው። የአንድ ዜማ አሁን ውስጥ አሁን ያለፈው ኖታ ገና ይሰማል፣ የሚመጣውም ይጠበቃል። ያለፈውን ረስቶ የሚመጣውን ንቆ መኖር አይደለም የምንፈልገው። ሁለቱንም ይዞ እዚህ መገኘትን ነው።

የሕክምናውን በኩል በአጭሩ ልንካው፤ መቼም ፈተና የለም፣ አትፍሩ። ድምፅ ጆሮ ውስጥ ገብቶ በነርቭ ወደ አንጎል ግንድ፣ ከዚያ ወደ ታላመስና ወደ ጎን አንጎል ይሄዳል፤ ይህን ታስታውሳላችሁ። ምት ያለው ድምፅ ሲሆን ግን እዚያ አይቆምም። ሰውዬው ተኝቶ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ እንኳ እንቅስቃሴን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ይነቃሉ። ለዚህ ነው እግራችን ሳናዝዘው መሬት የሚመታው። ፓርኪንሰን ይዟቸው እግራቸው መሬት ላይ የተጣበቀ ያህል የሚቸገሩ ሰዎች የምት ድምፅ ሲሰሙ እርምጃቸው የሚስተካከለው ከዚህ ጋር በተያያዘ ነው፤ ግራ አንጎላቸው ላይ ስትሮክ ደርሶ መናገር ያቃታቸው አንዳንድ ሰዎች ደግሞ የሚያውቁትን ዘፈን ከነቃሉ ይዘፍናሉ።

በሞንትሪያል የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሌላም አለ። ሰዎች የሚወዱትን፣ ሰውነታቸውን የሚወርር ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸው ዶፓሚን ያመነጫል። የሚያስገርመው ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው፤ አንዴ ያቺ የሚወዷት ቦታ ልትደርስ ስትል፣ አንዴ ስትደርስ፤ ሁለቱም በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች። እንግዲህ የክብሩን “እየመጣች ነው… መጣች!” አንጎላችንም ያውቀዋል ማለት ነው። መጠበቁም የደስታው አካል ነው፤ ግን የሚጠበቀው ከሦስት ሴኮንድ በኋላ ያለውን ነው እንጂ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። እኛ ይህን ነገር ከሳይንሱ በፊት እናውቀው ነበር። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሁላችንም የሰማነው ነው። ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጡ የተነሳ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ያሬድም አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላወቀም፤ ዜማው ሲያልቅ ነው ደሙ የታየው ይላል ትውፊቱ። ሕፃን ሆኜ ስሰማው ተአምሩ ያለመታመሙ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሐኪም ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዚያች ሰዓት ከሁለቱ አንዱ አዚያሚ ሌላው አድማጭ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም እኩል እዚያ ነበሩ። አድማጩም እንደ አዚያሚው ሊመሰጥ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያሬድ የለመነው ወርቅ አልነበረም፤ ለብቻው እንዲኖር እንዲፈቀድለት ነበር። የሄደውም ከጎንደር ብዙም ወደማይርቁት ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። እኛ ተማሪ ሳለን በጠዋት ከሩቅ የምናያቸው።

ጎንደርን ካነሳሁ አይቀር አዝማሪውን ላንሳ። ከፈተና በኋላ አዝማሪ ቤት ያልገባ እጁን ያውጣ! አየሽ፣ ማንም አላወጣም። አዝማሪው መሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር ከታዳሚው አንዱ “ተቀበል!” ይለዋል፣ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ያንን ግጥም በዚያው ቅጽበት ሰምቶ፣ በዜማው ውስጥ አስገብቶ፣ ምቱን ሳይለቅ መመለስ አለበት። ይህን ሥራ ነገን እያሰቡ ወይም ትናንትን እያመነዠኩ መሥራት አይቻልም። አንዲት ቃል ካመለጠችው ግጥሙ ይሰበራል። ታዳሚውም ቢሆን ሰሙን ሰምቶ ወርቁ ካመለጠው ሌላው ሲስቅ እሱ ዝም ብሎ ይቀራል፤ እየሳቀ ያለው ሁሉ በራሱ ላይ እንደሆነ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ለእኔ “ተቀበል” የሚለው ቃል ራሱ ትምህርት ነው። አሁን የመጣልህን ተቀበል፣ ከያዝከው ምት ጋር አስማማው፣ መልሰህ ስጥ።

እስክስታስ? ትከሻው እየወረደ እየወጣ ስለ ባንክ ብድር የሚያስብ ሰው እስቲ አሳዩኝ። የወሎ መንዙማ ውስጥ መሪው ሲያወጣ ተቀባዩ ተራውን መጠበቅ አለበት፤ ካልጠበቀ ድቤው ያጋልጠዋል። በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው የሚቆሙት ሊቃውንት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ዝማሜውን አብረው ሲወዛወዙ፣ አንዱ ከሌላው ቢፈጥን ወዲያው ይታያል። በሁዳዴ ጾም የሚደረደረው በገና ደግሞ አሥር አውታር አለው። ድምፁ የሚርገበገበው አውታሮቹ በሚያርፉበት ላይ በሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። አይቸኩልም። የቸኮለ ሰው በገና ሊሰማ አይችልም፤ ወይ ይተወዋል፣ ወይ በገናው ራሱ ያዘገየዋል። ሙሾ አውራጇንም አትርሱ። ሐዘንተኛው ደንዝዞ፣ የሆነውን ሁሉ እንደ ሩቅ ነገር እያየ ተቀምጦ ሳለ፣ እሷ በዜማ ታወጣውና እንባው ይመጣል። ያ እንባ ሐዘኑ ወደ አሁን የገባበት ነው። ሙዚቃ ወደ ደስታ ብቻ አይመልስም፤ ወደ ሐቁም ይመልሳል።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። “ታዲያ ትዝታስ?” ትሉኛላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ትዝታ አለ፤ እንዲያውም ብዙዎቻችን ልባችን ያለው እሱ ላይ ነው። ትዝታ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ወደ ኋላ ነው። እኛስ ዛሬ የተሰበሰብነው ትዝታን ልንበላ አይደል? ከሚኒሶታ፣ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ የመጣችሁ ወገኖቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በባዕድ አገር ከሌሊት ሥራ ወጥቶ በበረዶ መኪና ውስጥ ትዝታ የሚሰማ ሰው አሁን ላይ ነው ያለው ወይስ የዛሬ ሃያ ዓመት ላይ?

ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ ሁለቱም ሊሆን ይችላል የሚል ነው፤ የሚለየውም አሰማማችን ነው። ትዝታን እንደ መሸሻ መስማት ይቻላል። ዘፈኑ ይከፈታል፣ ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ዘፈኑን አንሰማውም፤ የራሳችንን ፊልም ነው የምናየው። ሲያልቅ እንደገና እንከፍተዋለን፣ ልባችን ግን የበለጠ ይከብዳል። በሌላ በኩል ትዝታን ዘፋኙ በሚዘፍንበት መንገድ መስማት ይቻላል። ዘፋኙ ትዝታን ሲዘፍን ትናንት ውስጥ አልገባም፤ ትናንትን ወደዚህች ሰዓት ጠርቶ በዚህች ትንፋሽ፣ በዚህች ድምፅ ቅርፅ እየሰጣት ነው። ያለፈው ነገር አሁን እየተዘፈነ ነው። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ግን እየናፈቀ ያለው ሰው ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ነው። ትዝታን በዚህ መንገድ የሰማ ሰው ሲነሳ ቀለል ይለዋል። ልዩነቱን ራሳችሁ ሞክሩት፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የመሲንቆውን የመጨረሻ ድምፅ ሰምታችሁት ነበር ወይስ አልሰማችሁትም?

የማስታወስን ዋጋ ደግሞ በተቃራኒው የሚያሳየን አንድ በሰፊው የታወቀ ታሪክ አለ። ክላይቭ ዌሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሙዚቀኛና የመዘምራን መሪ እ.ኤ.አ. በ1985 በሄርፒስ ቫይረስ አንጎሉ ተቆጥቶ ከሞት ተረፈ፤ የማስታወስ ችሎታው ግን ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ሆነ። ባለቤቱ ከክፍሉ ወጥታ ከደቂቃ በኋላ ስትመለስ ለዓመታት እንዳላያት አድርጎ ያቅፋት ነበር። ማስታወሻ ደብተሩን የሞላው ገና አሁን እንደነቃ በሚገልጹ ዓረፍተ ነገሮች ነበር፤ ከላይ የጻፈውን የራሱን ጽሑፍ እየሰረዘ። እንግዲህ ይህ ሰው “በአሁን ብቻ” የሚኖር ነበር፤ ሕይወቱ ግን ሥቃይ ነበር። ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ወይም መዘምራን ፊት ሲቆም ግን ሙዚቃውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘልቀው ነበር። እያንዳንዷ ኖታ ለምትቀጥለዋ እጇን ትሰጣለችና። ሙዚቃው እስኪያልቅ ድረስ ሙሉ ሰው ነበር። ሀኪሙና ጸሐፊው ኦሊቨር ሳክስ ስለ እሱ በስፋት ጽፏል። እኔ ከዚህ የምይዘው አንድ ነገር ነው፦ የምንፈልገው አሁን ባዶ አሁን አይደለም፤ ተያይዞ የሚሄድ አሁን ነው። ሙዚቃ የሚሰጠውም እሱን ነው።

አሁን ደግሞ ከወንበሬ አጠገብ ስለነበሩ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ቤተሰባቸው እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ልተወው፣ ሁላችንም “ጋሼ” ነበር የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ገንዘብ ሲገኝ ሦስት ቀን እጥበት ያደርጉ ነበር። እጥበት ክፍል የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አራት ሰዓት ወንበር ላይ ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የሚያየው። “ስንት ቀረኝ?” የማይል የለም። ቴሌቪዥን አለ፣ ማንም አያየውም። ስልክ አለ፣ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚሠራው።

ጋሼ ትንሽዬ ራዲዮና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ፍላሽ ላይ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደም ሥራቸው ላይ መርፌ የሌለበትን እጅ በጉልበታቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ይመታሉ። አንድ ቀን ዞር ዞር እያልኩ ሳያቸው ቆየሁና “ጋሼ፣ ጊዜውን እየገፉት ነው?” አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው “አይ ልጄ፣ የምገፋው ጊዜ የለኝም” አሉኝ። ዝም ስል አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አንዱን ማዳመጫ አውልቀው ሰጡኝ። “ይኸውልሽ፣ ይህን ዘፈን ከአርባ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ሠርግ ላይ ጨፍሬበታለሁ። ከኋላ ያለው ሳክስፎን አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑን ያወቅሁት ግን እዚህ ወንበር ላይ ነው። ስሚ፤ አሁን አንደኛው ይገባል… አሁን ደግሞ ሁለተኛው።” ቆሜ ሰማሁ። እውነትም ሁለት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ነርሶቻችን በሽተኞችን “ምን መስማት ይወዳሉ?” እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። አንዷ እናት መዝሙር፣ አንዱ ወጣት ሬጌ፣ አንድ አባት መንዙማ። አንዲት እህት ደግሞ “እኔ ጸጥታ ነው የምፈልገው” አለች፤ ለእሷ ጸጥታ ተሰጣት። ተአምር አልሆነም። መሣሪያው ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው አራት ነው። “ስንት ቀረኝ?” የሚለው ጥያቄ ግን እየቀነሰ መጣ። ጋሼ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ኖረው አረፉ። ሙዚቃው ዕድሜ አልጨመረላቸውም። የነበራቸውን ሰዓት ግን የራሳቸው አደረገላቸው። እኛ ሐኪሞች ዕድሜ መጨመርን እንማራለን፤ የተጨመረው ዕድሜ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ የእኔ ክፍል ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት ላይ የወጣ ከ70 በላይ ሙከራዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ከቀዶ ሕክምና በፊት፣ በሂደቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ሙዚቃ የሰሙ ሰዎች ሕመማቸውና ጭንቀታቸው መቀነሱን፣ የሚወስዱትም ማስታገሻ ማነሱን አሳይቷል። ርካሽ ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪ አያስጠብቅም። ለእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስንት ነው?

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ለራሴ የያዝኳቸውን ላካፍላችሁ፤ የሐኪም ትእዛዝ ብላችሁ ብትወስዱትም አልቃወምም።

መጀመሪያ፣ በቀን አንድ ዘፈን። አንድ ብቻ፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሌላ ነገር ሳይሠሩ። ከሥራ ስመለስ መኪናዬን በር ላይ አቁሜ አንድ ዘፈን ሰምቼ ነው ወደ ቤት የምገባው። አምስት ደቂቃ ናት። ልጆቼ “እማዬ ዘፈኗን እየጨረሰች ነው” ይላሉ፤ ስገባም ገብቻለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ይዛችሁ ስሙ። ዛሬ ከበሮውን ብቻ፣ ነገ ቤዝ ጊታሩን፣ ከነገ ወዲያ ዘፋኙ የት የት እንደሚተነፍስ። ሐሳባችሁ ይሸፍታል፤ ግድ የለም፣ ሳትቆጡ ወደ ከበሮው መልሱት። ሥራው መመለሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲያልቅ ቶሎ ሌላ አትክፈቱ። በርናርዲ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ፈጣን ምት ሲሰሙ የሰዎቹ ትንፋሽና የልብ ምት ከፍ አለ፣ ዘገምተኛ ሲሆን ረጋ አለ። ከሁሉ የበለጠ ያረጋጋቸው ግን በመሀል የገባችው የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ነበረች። ሙዚቃው ጸጥታውን እንድንሰማው ያዘጋጀናል።

አራተኛ፣ ከተቻለ አብራችሁ ዝፈኑ። ድምፅ የለኝም አትበሉ፤ እኔን እያያችሁ እንዴት አፍ አላችሁ? አብሮ የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን ከሌላው ጋር ማስተካከል አለበት። ለልጅ “እሹሩሩ” የምትል እናት ልጁን ብቻ አይደለም የምታስተኛው፤ ራሷም ትረጋለች።

ጥንቃቄም አለው። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ የሚጮኸው ሙዚቃ ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም ጆሯችንን አለመስማት ያስለምደዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል ቢበዛ በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። ለበሽተኛ ስትከፍቱ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። የአንዱ መጽናኛ ለሌላው ክፉ ቀን ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ጦርነት ያየ ሰው የትኛው ዜማ ምን እንደሚቀሰቅስበት እኛ አናውቅም። ድብርት የያዘውን ሰውም “ሙዚቃ ስማ” ብላችሁ አትሸኙት፤ ሕክምናውን ስጡት፣ ሙዚቃው ይከተላል። ይህ ለራሳችንም ይሠራል፤ ሐኪምም ይታመማል።

ልጨርስ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ባንዱ ይጀምራል። ፎቶ አንሺ አለን፣ ቪዲዮ ቀራጭም አለን፤ ተከፍሎታል፤ ሥራውን ለእሱ ተዉለት። በየአምስት ዓመቱ ነው የምንገናኘው። ዛሬ የተሰበሰብነው ሁላችን በሚቀጥለው እንደማንገኝ፣ ሐኪሞች ነን፣ እናውቃለን። ይህን የምለው ላሳዝናችሁ አይደለም። ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የሚቆመውን ጓደኛችሁን ድምፅ ስሙት። የሱ ሽበት፣ የሷ ሳቅ፣ የመምህራችን ጭብጨባ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ማለቱ፣ ይህ ሁሉ አንዴ ብቻ ነው የሚዘፈነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የሚደውልላችሁ በሽተኛ ካለ እሺ፣ ተረኛ የሆናችሁ አንሱ፤ ሌሎቻችን ግን ተረኝነታችን እዚህ ነው።

መምህሮቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ የተለዩንን ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን፣ በሚቀጥለውም በሰላም ያገናኘን። በሉ፣ ምሳው ሳይበርድ ወደ አሁኑ እንሂድ።